«የለም» ከማለታችን በፊት
የአማርኛ የፍለጋ ማውጫን ከፍቶ ስለማየት፤ በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



የዝግጅት ኮሚቴው «ከሥራህ ተነሥተህ ለኮምፒውተር ሰዎችም፣ ላልሆኑትም የሚጠቅም ነገር ንገረን» ብሎ ሃያ ደቂቃ ሰጥቶኛል። ሃያ ደቂቃ ለመርካቶ ነጋዴ ብዙ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ መምህር ግን መግቢያውን እንኳ አያስጨርስም። እኔ መርካቶ ውስጥ የነጋዴዎችን የዕቃ መዝገብ ሶፍትዌር በመጠገን የምኖር ሰው ስለሆንኩ በሁለቱ መካከል ለመሆን እሞክራለሁ።

የምናገረው ስለ አንድ ነገር ነው። ፍለጋ ሣጥን ውስጥ ቃል ጽፈን «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ሲመጣ፣ አብዛኞቻችን «የለም» ማለት ነው ብለን እንወስደዋለን። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። «አልተገኘም» ማለት እኔ በጻፍኩት አጻጻፍ የተመዘገበ ቃል ማሽኑ ማውጫ ውስጥ አልተገኘም ማለት ብቻ ነው። ዕቃው፣ ፍርዱ፣ የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ እዚያው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ነው። ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ በግምት አይታወቅም፤ ማውጫውን እስከ ታችኛው ፋይል ድረስ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

ተራ እና ማውጫ

ማውጫ፣ ወይም በተለመደው አጠራር ኢንዴክስ፣ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም። መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባሉት ዓመታት፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ሲደረግ የተመሠረተ ገበያ ነው። ዛሬም ድረስ ሰው ወደዚያ ሲሄድ ብዙውን ጊዜ የሱቅ ስም ይዞ አይሄድም። በርበሬ የፈለገ በርበሬ ተራ፣ ነጠላ የፈለገ ሸማ ተራ፣ ሣጥን የፈለገ ሣጥን ተራ ይላል። ተራውን ካገኘ ሻጮቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ይጠብቁታል።

የኮምፒውተር ሰዎች «የተገለበጠ ማውጫ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ያልተገለበጠው መዝገብ «በዚህ ሱቅ እነዚህ ዕቃዎች አሉ» ይላል። የተገለበጠው ደግሞ «ይህ ዕቃ በእነዚህ ሱቆች ይገኛል» ይላል። የፍለጋ ሞተር እናንተ ጥያቄ ስትጠይቁ ሰነዶችን አንድ በአንድ አያነብም። ቀድሞ ቃላቱን ለቅሟል፤ ለእያንዳንዱ ቃል ተራ ሠርቶለታል፤ በተራውም ውስጥ ቃሉ ያለባቸውን ሰነዶች ቁጥር ደርድሯል። ለዚህ ነው ሚሊዮን ሰነድ ውስጥ ፈልጎ ዓይናችንን ጨፍነን ሳንገልጥ የሚመልሰው።

መርካቶ ግን ሌላም ተራ አላት፤ ምን አለሽ ተራ። ያገለገለ ብረት፣ ጀሪካን፣ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ የሚሸጥበትን ማለቴ ነው። የሰፈሩ ስም ራሱ ጥያቄ ነው። ገዢው «ይህ አለሽ ወይ?» አይልም፤ «ምን አለሽ?» ነው የሚለው፤ ከዚያ የተዘረጋውን ሁሉ ያያል። እንግዲህ ተራው ተጠቃሚ ማውጫን «ይህ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቀዋል። መርማሪ ግን «ምን አለሽ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። የዛሬው ወሬዬ ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ዲስኩ ላይ ምን አለ?

ብዙዎቹ የፍለጋ ሥርዓቶች ከሥራቸው ሉሲን የተባለ ነጻ ሶፍትዌር አላቸው። ዳግ ካቲንግ በ1999 እ.ኤ.አ. የጻፈው ነው፤ በ2001 ወደ አፓቺ ገባ። ሶልርም ኢላስቲክሰርችም የተገነቡት በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ የሉሲንን ፋይሎች ማንበብ የቻለ ሰው የብዙ ቤቶችን ጓዳ ማየት ይችላል።

ሉሲን ማውጫውን ሰግመንት በሚባሉ ክፍሎች ይጽፈዋል። አንድ ሰግመንት አንዴ ከተጻፈ በኋላ አይነካም። አዲስ ዕቃ ሲመዘገብ አዲስ ሰግመንት ይጻፋል፤ ሰግመንቶች ሲበዙ ይዋሃዳሉ። ዕቃ ሲሰረዝስ? ከተጻፈው ላይ አይፋቅም። ለብቻው በተቀመጠ «ሊቭ» የተባለ ትንሽ ፋይል ላይ «ይህ ከእንግዲህ አይቆጠር» የሚል ምልክት ይደረግበታል። የተሰረዘው በእውነት ከዲስኩ የሚወጣው ሰግመንቱ ከሌላ ጋር ሲዋሃድ ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ ታስፈልገናለች።

በእያንዳንዱ ሰግመንት ውስጥ ብዙ ዓይነት ፋይሎች አሉ። ለዛሬ አራቱ ይበቁናል። «ቲም» የቃላቱ መዝገብ ነው፤ ተራዎቹ በሙሉ በስማቸው ተደርድረው የተጻፉበት። «ዶክ» በእያንዳንዱ ተራ ውስጥ ያሉትን የሰነድ ቁጥሮች ይይዛል። «ፖስ» ቃሉ በሰነዱ ውስጥ ስንተኛ ቦታ ላይ እንደተቀመጠ ይናገራል፤ ሁለት ቃላት ተከታትለው መምጣታቸው የሚታወቀው ከእሱ ነው። «ኤፍዲቲ» ደግሞ ዋናውን ጽሑፍ፣ ሰውየው እንደጻፈው፣ ሳይነካ ያስቀምጣል። ስክሪን ላይ የምናነበው ከኤፍዲቲ ነው፤ ፍለጋው የሚሠራው ግን በቲም ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። በዓይኑ የሚያየው ጽሑፍና ማሽኑ የሚፈልግበት ጽሑፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ቲም ውስጥ ያሉት ቃላት የሚደረደሩት በሀሁ ቅደም ተከተል ሳይሆን በባይት ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቦታ አግኝቷል፤ በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍም እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ‹ጸ› 225፣ 140፣ 184 ነው። ‹ፀ› ደግሞ 225፣ 141፣ 128። ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለማሽኑ ግን ‹መ› እና ‹ሰ› እንደሚለያዩት ያህል ይለያያሉ። አንዱን ስንጠይቀው ሌላውን እንዲያመጣ የነገረው ሰው ከሌለ አያመጣም።

ይህን ሁሉ ለማየት መሣሪያው በነጻ ይገኛል። ሉክ የሚባለው ፕሮግራም ማውጫውን ከፍቶ ቃላቱን፣ ቁጥራቸውንና ሰነዶቻቸውን በመስኮት ያሳያል። መጀመሪያ የጻፈው አንድዜይ ቢያሌትስኪ ነው፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሉሲን ጋር አብሮ ይወጣል። ቼክኢንዴክስ የሚባለው ደግሞ ፋይሎቹ አለመበላሸታቸውን ይመረምራል፤ እያንዳንዱ ፋይል መጨረሻው ላይ የ16 ባይት ማረጋገጫ አለው፤ ያ ከይዘቱ ጋር ካልገጠመ ፋይሉ ተበላሽቷል። አንድ ምክር ብቻ፦ ሁልጊዜ የምትከፍቱት ቅጂውን ይሁን። ሱቁ ክፍት ሆኖ ሰው እየሸጠበት ያለውን ዋናውን ማውጫ አትነካኩ።

ስምንቱ ካርቶን

አሁን ወደ አንድ ገጠመኝ ልውሰዳችሁ። ባለ ንብረቱንም፣ ሶፍትዌሩን የሸጠላቸውንም ድርጅት ስም አልጠራም።

ሰኔ 30 የበጀት ዓመት መዝጊያ ስለሆነ በዚያ ሰሞን መርካቶ ውስጥ የሁሉም ሰው ወሬ ቆጠራ ነው። አንድ ሦስት መጋዘን ያላቸው ሐጂ ደውለው አስጠሩኝ። የሒሳብ መዝገቡ «የፀሐይ መነጽር 12 ካርቶን ገብቶ አንድ ተሸጧል፤ 11 ሊኖር ይገባል» ይላል። የመጋዘኑ ፕሮግራም ውስጥ «የፀሐይ መነጽር» ተብሎ ሲፈለግ ግን የሚወጣው 3 ነው። ካርቶኖቹ ላያቸው ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው፤ የትኛው መጋዘን፣ የትኛው ረድፍ እንዳሉ የሚያውቀው ፕሮግራሙ ነው። ቆጣሪዎቹ ፕሮግራሙ ያሳያቸው ቦታ ሄደው 3 አገኙ። የ8 ካርቶን ጉድለት ተጻፈ።

ጉድለቱ የተጻፈው በመጋዘኑ ሠራተኛ ላይ ነው። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለች ልጅ ናት። ከደመወዟ እንዲቆረጥ ተወስኖ ነበር፤ በሷ ደመወዝ ደግሞ ዓመታት የሚፈጅ ዕዳ ነው። ወደ ፖሊስ እንሂድ ያሉም አሉ። ሐጂ «ልጄ፣ እኔ ሰው መበደል አልፈልግም። ማሽኑ ግን የለም እያለ ነው፤ ማሽን ደግሞ ለማን ያደላል?» አሉኝ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ሐጂ፣ እኔ የገባውን ሁሉ በእጄ መዝግቤያለሁ» ከማለት ሌላ የምትለው አልነበራትም።

ማውጫውን ኮፒ አድርጌ መጀመሪያ በቼክኢንዴክስ መረመርኩት። አንድም የተበላሸ ፋይል የለም። ይህ ጥሩ ዜና ይመስላል፤ ለልጅቷ ግን መጥፎ ዜና ነበር። ማውጫው ጤነኛ ከሆነ ታዲያ ዕቃው የት ሄደ? አያችሁ፣ ፋይሉ ደህና መሆኑና የተጻፈበት ነገር መገኘት መቻሉ ሁለት ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ በሉክ ከፍቼ የዕቃ ስም የተጻፈበትን ዓምድ ቃላት በሙሉ ዘረጋሁ። ምን አለሽ አልኳት ማለት ነው። በ‹የ› ከሚጀምሩት መካከል፣ ተከታትለው፣ እነዚህ አምስት መስመሮች ታዩ፦

የጸሀይ፣ 2
የጸሐይ፣ 2
የፀሀይ፣ 4
የፀሃይ፣ 1
የፀሐይ፣ 3

ሐጂን ጠርቼ «ሐጂ፣ እስቲ ይመልከቱ፤ ይደምሩት» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየቆጠሩ ደመሩ። 12። «የሒሳብ መዝገቡ የሚለው ግን 11 ነው» አሉ፤ ነጋዴ ናቸዋ፣ አንዷም አታልፋቸውም። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ እዚህ ጋ ትመጣለች። ሉክ ከቃሉ ጎን የሚያሳየው ቁጥር የተሰረዙትንም ይጨምራል፤ ሰግመንቱ እስኪዋሃድ ድረስ። ‹የፀሀይ› ከሚለው አራት ሰነድ አንዱ የተሸጠው ካርቶን ነበር፤ የመሰረዣ ምልክቱ ሊቭ ፋይሉ ላይ አለ። 12 ሲቀነስ 1፣ 11።

ምክንያቱ ይኸው ነው። ዕቃ ሲገባ የሚመዘግቡት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ በኮምፒውተር፣ አንዷ በስልክ፣ አንዱ እንዳመጣለት ይጽፋል። ሁሉም ትክክል ናቸው፤ ማንም አማርኛ አንባቢ አይቸገርም። ‹ፀሐይ› የሚለው ቃል ‹ፀ› ወይም ‹ጸ› ሲሆን ሁለት፣ ከዚያም ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሲሆን ስድስት፤ በድምሩ 12 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። ‹መነጽር› ደግሞ በ‹ጽ›ም በ‹ፅ›ም ይጻፋል። ስለዚህ «የፀሐይ መነጽር» የምትለው ሐረግ ብቻ 24 መልክ አላት። ቆጣሪዎቹ ከ24ቱ አንዱን ጠይቀው በአንዱ መልስ ፈረዱ።

ከአምስቱ መስመሮች ሰነዶቹን ከፍተን የመጋዘንና የረድፍ ቁጥራቸውን አወጣን። ልጆቹ በዚያው ከሰዓት ስምንቱንም ካርቶን ከየረድፉ አወረዱ። ሐጂ ልጅቷን ፊት ለፊት ይቅርታ ጠይቀው፣ ወረቀቱን ራሳቸው ቀደዱት። ይህ የእሳቸው ጨዋነት ነው። እንደሳቸው የማይደውሉ አሠሪዎች ዘንድ ግን ስንቱ ጉድለት ተከፍሎ ይሆን?

ሁለት ነጥብና እዝባር

እዚያው ማውጫ ውስጥ ሳልጠይቅ ያየሁት ሌላም ነገር ነበር። ከቃላቱ መካከል «መነጽር:ጥቁር» የሚል አንድ ሙሉ ቃል ተቀምጧል። መዝጋቢው የኢትዮጵያን ሁለት ነጥብ አስቦ ከእንግሊዝኛው ቁልፍ ላይ ያለውን ኮለን ነው የመታው። በዓይን ስታዩአቸው ይመሳሰላሉ። የሉሲን መደበኛ ቃል ከፋፋይ ግን የእኛውን ‹፡› ሲያይ ቃሉን ይከፍላል፤ የእንግሊዝኛውን ኮለን በሁለት ፊደሎች መካከል ሲያገኘው አንድ ቃል አድርጎ ያልፈዋል። ያን ዕቃ «መነጽር» ብሎ የፈለገ አያገኘውም፤ «ጥቁር» ብሎ የፈለገም አያገኘውም።

እዝባር ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ‹ት/ቤት› ሲገባ ‹ት› እና ‹ቤት› ሆኖ ይከፈላል። ‹ፍ/ቤት› ሲገባም እንዲሁ፣ ‹ፍ› እና ‹ቤት›። ሁለቱም ‹ቤት› ተራ ውስጥ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር ይሰለፋሉ። በነጥብ የተጻፈው ‹ዓ.ም› ግን ሳይከፈል አንድ ቃል ሆኖ ይቀራል። ይህን ከመመሪያ መጽሐፍ አንብቤ አላስታውሰውም ነበር፤ የቃላቱን ዝርዝር በዓይኔ ሳየው ነው ልቤ ውስጥ የቀረው።

ታዲያ ፊደል ይቀነስ?

መፍትሔው ምን ነበር? ሉሲን ውስጥ ጽሑፉ ወደ ቃል ከመከፈሉ በፊት ፊደልን በፊደል የሚተካ ማጣሪያ መጨመር ይቻላል። ሐና ኀን ከነቤተሰባቸው ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መለስን። ኮለኗንም ወደ ባዶ ቦታ ቀየርናት። ይኸው ማጣሪያ ዕቃው ሲመዘገብም፣ ሰው ሲፈልግም መሥራት አለበት፤ በአንዱ በኩል ብቻ ከሆነ ነገሩ ጭራሽ ይብሳል። ቀጥሎ ማውጫውን ከመነሻው እንደገና ጻፍነው፤ ሰግመንት አንዴ ከተጻፈ አይታረምም ብያችኋለሁና፣ ደንብ ስለተለወጠ አሮጌው ማውጫ አይለወጥም።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ ፊታቸውን ያጨፈገጉ እንዳሉ አያለሁ፤ በተለይ የቋንቋ ክፍል መምህሮቻችን። «ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ» የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ ተቃዋሚዎቹም በቂ ምክንያት አላቸው። ‹ድኅነት› በ‹ኅ› መዳን ነው፤ ‹ድህነት› በ‹ህ› ማጣት ነው። ‹ሠዓሊ› ሥዕል የሚሥል ነው፤ ‹ሰአሊ› ለምኝ ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ተራ ውስጥ ብናስገባቸው የነገረ መለኮት ተማሪው ስለ መዳን ሲጠይቅ የድህነት ቅነሳ ሪፖርት ይመጣለታል።

እኔ የምለው ግን የማውጫው አሠራር ራሱ ከዚህ ክርክር መውጫ ይሰጠናል ነው። ቲምና ኤፍዲቲ የተለያዩ ፋይሎች ናቸው ብለናል። የምንመልሰው ቲም ውስጥ የሚገባውን የፍለጋ ቃል ብቻ ነው። ኤፍዲቲ ውስጥ ያለው ዋናው ጽሑፍ ከነሐመሩ ‹ሐ›ና ከነንጉሡ ‹ሠ› እንዳለ ይኖራል፤ አንባቢ የሚያየውም እሱን ነው። ከዚህም አልፎ አንዱን ጽሑፍ በሁለት ዓምድ ማስገባት ይቻላል፤ በአንዱ እንደተጻፈ፣ በሌላው ተመልሶ። አጻጻፉ በትክክል የገጠመው ከላይ ይወጣል፤ በድምፅ ብቻ የገጠመው ከታች ይከተላል። ፊደላችን ላይ እጃችንን ሳናነሳ የሰውን ነገር ማግኘት እንችላለን።

በቆሎና ቆሎ

ፊደሉን አስተካክለን ስንጨርስ ሁለተኛው ችግር ይጠብቀናል። ያልተዘጋጀ የአማርኛ ማውጫ በሉክ ስትከፍቱ ዓይን የሚይዘው በ‹የ›፣ በ‹በ›፣ በ‹ለ›፣ በ‹ከ› የሚጀምሩ ቃላት ብዛት ነው። ‹ቤት›፣ ‹የቤት›፣ ‹በቤት›፣ ‹ለቤቱ›፣ ‹ከቤቶች› እያንዳንዳቸው የራሳቸው ተራ አላቸው፤ አንዱ ሌላውን አያውቀውም። ‹ቤት› ብሎ የጠየቀ ሰው ‹ለቤቱ› የሚለውን አያገኝም።

«ታዲያ የመጀመሪያዋን ፊደል ቆርጠን አንጥልም?» ይላል የቸኮለ ሰው። መርካቶ ውስጥ ይህን ሞክሩት። ‹በርበሬ› ‹ርበሬ› ይሆናል። ‹ለውዝ› ‹ውዝ› ይሆናል። ‹ከሰል› ‹ሰል› ይሆናል። ይህ መልኩ ቢያስቅም ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ጥያቄውም በዚያው መንገድ ስለሚቆረጥ መገናኘታቸው አይቀርም። የከፋው ‹በቆሎ› ነው። ከ‹በቆሎ› ‹በ›ን ስትቆርጡ የሚቀረው ‹ቆሎ› ነው። የበቆሎ ነጋዴና የቆሎ ነጋዴ አንድ ተራ ገቡ ማለት ነው! ይህንን ስሕተት ከፍለጋ ውጤት ላይ ለመያዝ ዕድል ያስፈልጋል፤ የቃላቱን ዝርዝር ላየ ሰው ግን ‹በቆሎ› የሚል ተራ ከዝርዝሩ መጥፋቱ ወዲያው ይታየዋል።

ስለዚህ ቃልን ወደ ግንዱ መመለስ ቋንቋውን የሚያውቅ ሥራ ይጠይቃል፤ ሰዎችም ሠርተውበታል። ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት የአማርኛ ቃላትን ለመረጃ ፍለጋ ወደ ግንዳቸው ስለመመለስ ጥናታቸውን ያሳተሙት በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። በ2020 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የቱሉዝ ተመራማሪዎች በጋራ ለአማርኛ ፍለጋ መፈተኛ የሚሆን ስብስብ አውጥተዋል፤ ከ12,000 በላይ ሰነዶችና 240 ጥያቄዎች አሉት። ይሁን እንጂ ሉሲን አብረውት በሚወጡት የቋንቋ ዝግጅቶች ውስጥ አረብኛ፣ ሂንዲ፣ አርመንኛ፣ ቤንጋሊ፣ ባስክኛ ሲኖሩ አማርኛ የለም። እዚህ «የለም» ስል አውቄ ነው፤ ዝርዝሩን ከፍቼ አይቼዋለሁ። ጥናቱ መደርደሪያ ላይ፣ ሶፍትዌሩ መርካቶ፤ መሐላቸው ድልድይ አልተሠራም።

ነገሩ ከካርቶን ይበልጣል

መነጽር ይገኛል፣ ይሸጣል። ነገር ግን ይኸው የፍለጋ ሞተር ሌላም ቦታ ይሠራል። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። አንድ ጠበቃ ‹ውርስ ሃብት› ብሎ ፈልጎ ‹ሀብት› ተብሎ የተጻፈው ውሳኔ ካልወጣለት፣ ለደንበኛው «እንዲህ ያለ ውሳኔ የለም» ሊለው ነው። የታካሚ ስም ‹ኃይለ› እና ‹ሀይለ› ተብሎ ሁለት ካርድ ከወጣለት፣ ሐኪሙ ፊት የሚቀርበው ግማሽ ታሪክ ነው። እነዚህ ቦታዎች ላይ እንደ ሐጂ ተጠራጥሮ የሚደውል ሰው ሁልጊዜ አይገኝም።

ሌላ፣ ለዩኒቨርሲቲ ሰው ቀረብ ያለ ነገር ልጨምር። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ኮዶች ላይ ደርበው ነበር የሚያስቀምጡት። በእነሱ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ ካለ በሚያምር አማርኛ ይታያል፤ ማውጫ ውስጥ ሲገባ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነው። ቃላቱ የሚደረደሩት በባይት ስለሆነ ይህ ክምር ከዝርዝሩ መጀመሪያ፣ ከፊደላችን በፊት ይቀመጣል። ማውጫ ከፍታችሁ መጀመሪያ ገጹ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ፣ በሥርዓት የተመዘገበ ግን ማንም በአማርኛ ጠይቆ የማያገኘው ጽሑፍ አላችሁ ማለት ነው። የዚያን ዘመን የመመረቂያ ጽሑፎቻችንን በፋይል የያዛችሁ ሰዎች ይህን ብታዩት ደስ ይለኛል።

ሦስት ሐሳቦች

ንግግሬን በጥያቄ ሳይሆን በሥራ መጨረስ እፈልጋለሁ።

አንደኛ፣ ለመምህሮቻችን። ተማሪዎች የፍለጋ ሞተርን ሲማሩ ቀመሩን ብቻ ሳይሆን ፋይሉንም ይክፈቱ። ሉሲን ውስጥ ሲምፕልቴክስት የሚባል፣ ማውጫውን በሙሉ ሰው በሚያነበው ተራ ጽሑፍ የሚጽፍ አማራጭ አለ። ለሥራ አይሆንም፣ ይንቀረፈፋል፤ ለትምህርት ግን እንደሱ የሚሆን የለም። አንድ መቶ የመርካቶ ዕቃ ስም ስጧቸው፤ መዝግበው፣ በጽሑፍ ማረሚያ ከፍተው፣ ‹ፀሐይ› ስንት ቦታ እንደተበተነ ራሳቸው ይቁጠሩ። በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ የላብራቶሪ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ በሙያው ላሉ የማኅበራችን አባላት። የሞክሼ ፊደላት ማጣሪያውን፣ የኮለኗንና የእዝባሩን ደንብ፣ ‹በቆሎ›ን የመሳሰሉ የማይቆረጡ ቃላት ዝርዝር ሁላችንም በየቤታችን ለየብቻ እየጻፍነው ነው። አንድ ላይ አሰባስበን፣ ከላይ በጠቀስኩት መፈተኛ ስብስብ ለክተን፣ በነጻ እንልቀቀው። የእኔን ድርሻ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ።

ሦስተኛ፣ የኮምፒውተር ሰው ላልሆናችሁ፤ ምናልባት ዋናው ይህ ነው። አለቃ፣ ኦዲተር፣ ዳኛ፣ ዲን የሆናችሁ በመካከላችን አላችሁ። አንድ ሰው ላይ ልትፈርዱ ስትሉ ማስረጃው «ሲስተሙ የለም ይላል» ከሆነ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ማውጫውን ከፍቶ ያየው ማን ነው? በስንት አጻጻፍ ተፈለገ? መልስ ከሌለ ፊርማውን አቆዩት። ብዕሩን አንድ ቀን ማቆየት ለእናንተ ምንም አይደለም፤ ለተከሰሰው ሰው ግን እንጀራው ነው።